እስኪበቃ ድረስ፦ አማርኛን በአሥር ጣት መተየብ በስድስት ሳምንት

በአራት ኪሎ ዙሪያ «ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጥረዛ፣ ላሚኔሽን» የሚል ጽሑፍ በራቸው ላይ ከለጠፉት ጠባብ ቤቶች በአንዱ ለዓመታት ተይቤያለሁ፤ ሥራ የሚጀምሩ ልጆችንም አስተምሬያለሁ። ልጆቹ ሲመጡ ስልካቸው ላይ በሁለት አውራ ጣት ከእኔ ይፈጥናሉ። ኪቦርድ ፊት ሲቀመጡ ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም፣ በሁለት ሌባ ጣት ቁልፍ ያድናሉ። ከዚያም ሁሉም አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ «ለመልመድ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «ለማን እስኪበቃ?»

ይህ መመሪያ አማርኛን እጅ ሳያዩ በአሥር ጣት ስለ መተየብ ነው። አካሄዱ ግን ለሌላ ሙያም ያገለግላል። የሚጠይቀው በቀን 45 ደቂቃ፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ለስድስት ሳምንት ነው፤ ሲደመር 27 ሰዓት ይሆናል።

አንደኛ፦ ሥራዎን የሚረከበውን ሰው ይለዩ

«ጎበዝ ታይፒስት መሆን» ማቆሚያ የሌለው ምኞት ነው። ማቆሚያ የሚሰጠው ሥራውን የሚረከበው ሰው ነው። በእኛ ቤት ተረካቢው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ የሚጠብቅ ባለጉዳይ ነው። በብዕር የተሞነጫጨረ ማመልከቻ በእጁ ይዟል፤ ከምሳ ሰዓት በፊት ክፍለ ከተማ መድረስ አለበት። በስንት ጣት እንደምተይብ ግድ የለውም። የሚፈልገው ስሙ በትክክል እንዲጻፍ፣ ቶሎ እንዲያልቅና ወረቀቱን የሚቀበለው ቢሮ «አስተካክለህ አምጣ» ብሎ እንዳይመልሰው ነው።

ከዚህ ሰው ፍላጎት ፈተናው ይወጣል። የእኛ ይህ ነው፦ ግማሽ ገጽ የሚሆን፣ ማለትም 120 ቃላት ገደማ ያለው ማመልከቻ፣ ከቁጥር በቀር እጅ ሳይታይ በ15 ደቂቃ ተተይቦ ይታተማል። በወረቀቱ ላይ ከሦስት ያልበለጠ የፊደል ስሕተት ይፈቀዳል፤ በስም፣ በቀንና በገንዘብ መጠን ላይ ግን አንድም አይፈቀድም። በደቂቃ ስምንት ቃል ማለት ነው። ለውድድር አያበቃም፤ ለባለጉዳዩ ግን ይበቃዋል።

የእርስዎ ተረካቢ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስድስት ኪሎ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ የሚጽፈው ለራሱ ነው፤ እያሰበ ስለሚጽፍ ከስምንት ቃል በላይ ፍጥነት ብዙም አይጠቅመውም። ቃለ ጉባኤ የምትይዝ የቢሮ ጸሐፊ ግን ሰው እየተናገረ መከተል አለባት፤ የእሷ ፈተና ከእኛው እጥፍ ቢሆን ትክክል ነው። ክራር የሚማር ሰውም እንዲሁ ነው። ለቤተ ዘመድ ሠርግ ሁለት ሦስት ዜማ ማጀብ ለሚፈልግ ሰው ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በአንድ ጊዜ ካልያዝሁ ማለት ራስን ማድከም ነው፤ የትዝታ ቅኝት ብቻውን ሩቅ ያስኬደዋል።

ፈተናዎን በወረቀት ጽፈው ከስክሪኑ ጎን ይለጥፉ። በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ መቁረጥ ሲመጣ የሚያዩት እሱን ነው።

ሁለተኛ፦ የሚማሩትን ያሳንሱ

ጀማሪን የሚያስፈራው የፊደሉ ብዛት ነው። 33ቱ የአማርኛ መነሻ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ሏ፣ ሟ፣ ቋ ሲጨመሩ ደግሞ ይበልጣሉ። ይህ ብዛት ያስቸገረው እኛን ብቻ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸው እንቆቅልሽ ይኸው ነበር፦ ይህን ሁሉ ፊደል በጥቂት ደርዘን ቁልፎች ላይ እንዴት ማስፈር ይቻላል?

የዛሬው ኮምፒውተር ጭነቱን አቅልሎታል። በድምፅ በሚሠራው አጻጻፍ ተናባቢው አንድ ቁልፍ፣ አናባቢው ሌላ ቁልፍ ነው። የኤል ቁልፍ ብቻውን ል ይሰጣል። ኤል ቀጥሎ ዩ ሉ፣ ኤል ቀጥሎ አይ ሊ፣ ኤል ቀጥሎ ኤ ላ፣ ኤል ቀጥሎ ኦ ሎ፣ ኤል ቀጥሎ ኢ ለ ይሆናል። ሌ በየፕሮግራሙ ስለሚለያይ በመጀመሪያው ቀን ሞክረው ይለዩት፤ ብቻቸውን የሚቆሙት አ እና እም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ የሚማሩት 231 ነገር ሳይሆን አምስት የአናባቢ ቁልፎችንና ሃያ ያህል የተናባቢ ቁልፎችን ነው። ሳድስ በአንድ ምት መውጣቱም ትልቅ በረከት ነው፤ ን፣ ት፣ ው፣ ም፣ ል በአማርኛ ምን ያህል እንደሚደጋገሙ አንድ ገጽ ጋዜጣ ገልጦ ማየት ይበቃል።

ይህ አጻጻፍ አንድ ወጥመድ አለው። «መልአክ» ብለው በተከታታይ ከመቱ ል እና አ ተዋሕደው «መላክ» ይሆናሉ። «ገብርኤል»ም «ገብሬል» ሆኖ ይወጣል። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ለአንድ የጽዋ ማኅበር የጥሪ ወረቀት ስተይብ «ገብሬል» ብዬ ሃምሳ ቅጂ አባዝቻለሁ። ሰብሳቢዋ እናት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ ደግሞ የማን ታቦት ነው?» አሉኝ። ወረቀቱን ከኪሴ ተካሁ። በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ሁለቱን ድምፆች የሚለያይ ምልክት አለ፤ ብዙውን ጊዜ ነጠላዋ የጥቅስ ምልክት ናት። የእርስዎ ፕሮግራም በምን እንደሚለያይ ዛሬውኑ ይፈትሹ።

አሁን የሚተዉትን በሌላ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ርእሱ «አሁን አይደለም» ይሁን። የእኛ ዝርዝር ላይ የግእዝ ቁጥሮች፣ ሠንጠረዥ መሥራት፣ የገጽ ማሳመሪያዎችና የፎንት ምርጫ አሉ። ከላይ ያለውን የቁጥር መደዳ ሳያዩ መምታትም አለበት። ቁጥር ሲመጣ ወደ ኪቦርዱ ያጎንብሱ፤ የመታወቂያ ቁጥርና የብር መጠን ሁለት ጊዜ ቢታይ ይሻላል እንጂ አይጎዳም። እንግሊዝኛን በአሥር ጣት መተየብም እዚያው ይስፈር። «አብሮ ይለመዳል» የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

ስለ ፕሮግራሙ አንድ ምክር አለኝ፦ የዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩትን የፊደል ቀመር የሚከተል ፊደል የሚያወጣ አንድ ፕሮግራም መርጠው ስድስቱንም ሳምንት በእሱ ብቻ ይቆዩ። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ቀመር ስለነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የተመሰቃቀለ የላቲን ፊደል ይሆን ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ በፍላሽ እንዲህ ያለ አሮጌ ሰነድ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አይጠፋም።

ሦስተኛ፦ ሰዓቱንና ቦታውን ያስተካክሉ

«ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቀን ብቀመጥ አይሻልም?» የሚል አይጠፋም። በብሪታንያ ፖስታ ቤት የደብዳቤ መደርደሪያ መሣሪያ ሲገባ ፖስተኞች መተየብ መማር ነበረባቸው፤ ባድሊ እና ሎንግማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎችም አጋጣሚውን ተጠቅመው ጥናት አደረጉ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ፖስተኞቹ በአራት ቡድን ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን በቀን አንድ ሰዓት ብቻ፣ ሌላው ደግሞ ሁለት ሁለት ሰዓት እየሆነ በቀን አራት ሰዓት ተለማመደ። በቀን አንድ ሰዓት የተለማመዱት ብዙ ቀናት ቢፈጅባቸውም በጥቂት የልምምድ ሰዓት ከሁሉም በተሻለ ለመዱ። የሚገርመኝ ሌላው ግኝት ነው፦ በሥልጠናው አካሄድ ከሁሉም ያነሰ ደስታ የተሰማቸው እነዚሁ ነበሩ። በየቀኑ ጥቂት ሲማሩ የማይራመዱ ይመስላል፤ ስሜትዎን አይመኑት።

ስለዚህ 45 ደቂቃውን በሦስት 15 ደቂቃ ይክፈሉት። እኛ ቤት አንዱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በሩ ሳይከፈት፣ ሁለተኛው ከምሳ በኋላ ባለጉዳይ ሲቀንስ፣ ሦስተኛው ማታ ከመዝጋታችን በፊት ነው። ቤቱ ጫጫታ የበዛበት ሰው ላፕቶፕ ካለው አራት ኪሎ ወዳለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ብቻ ቁልፍ ሲመቱ ድምፅ የማያበዛ እጅ ይኑርዎት።

ኪቦርዱ አዲስ መሆን የለበትም። የኤፍና የጄ ቁልፎች ላይ ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ግን ያልተፋቁ ይሁኑ፤ ሁለቱ ሌባ ጣቶች ቤታቸውን የሚያውቁት በእነሱ ነው። ቀጥሎ ባዶ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ካርቶን ይፈልጉ። ሁለት ትይዩ ጎኖቹን ቆርጠው እንደ ድልድይ ኪቦርዱ ላይ ይድፉት፤ እጅዎ ከሥር ይገባል፣ ዓይንዎ አይገባም። ከዚህ የረቀቀ መሣሪያ አልገዛሁም። መብራት ከጠፋም የተነቀለ ኪቦርድ ጭን ላይ አድርጎ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ ድምፁን እያሰሙ መምታት ይቻላል፤ ጣት መብራት አይፈልግም።

አራተኛ፦ ሳምንት በሳምንት

የመጀመሪያው ሳምንት ያስጠላል። ሌባ ጣቶች ጉብታዎቹ ላይ ይረፉ፤ ሌሎቹ ጣቶች በየጎናቸው በመካከለኛው መደዳ ይሰለፉ፤ አውራ ጣቶች ለረጅሙ የክፍተት ቁልፍ ናቸው። መጀመሪያ አናባቢዎቹን ብቻ ይያዙ። ኤ በግራ ትንሿ ጣት ሥር ናት። ኢ ከግራ የመሃል ጣት በላይ፣ ዩ ከቀኝ ሌባ ጣት በላይ፣ አይ ከቀኝ የመሃል ጣት በላይ፣ ኦ ከቀኝ የቀለበት ጣት በላይ ናቸው። በኤል፣ በኤስ፣ በዲና በኬ እየጀመሩ ለ ሉ ሊ ላ ሎ፣ ሰ ሱ ሲ ሳ ሶ እያሉ ይሂዱ። ጮክ ብለው ይበሉት፤ የቄስ ትምህርት ቤት ዜማ ካወቁ በዜማው ይበሉት፤ ጣት ምት ይወዳል። በዚህ ሳምንት ፍጥነት አይለካም። በሁለት ጣት ከሚሄዱበት በጣም ስለሚዘገዩ ካርቶኑን ወርውሮ ወደ ድሮው የመመለስ ፈተና ይመጣል። ሥራ ላይ ያለ ሰው ከልምምዱ ውጭ በድሮው መንገድ ይተይብ፤ በ15ቱ ደቂቃ ውስጥ ግን በፍጹም።

በሁለተኛው ሳምንት የቀሩትን ተናባቢዎች ይጨምሩ፤ እንደ ኪቦርዱ ቅደም ተከተል ሳይሆን በቃላት በኩል ይሁን። ነው፣ እና፣ ላይ፣ ውስጥ፣ ግን፣ ወደ፣ እንደ፣ ጋር፣ ሁሉ፣ ይህ፣ ስለ፣ ነበር። እያንዳንዳቸውን ሃያ ሃያ ጊዜ። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ እና ኘ በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ሺፍት ይፈልጋሉ፤ ፊደሉን ቀኝ እጅ ሲመታ ሺፍቱን ግራ እጅ ይያዝ፣ በግራም ሲሆን እንዲሁ ይገላበጥ። አብዛኛው ሰው ይህን ይንቅና ኋላ «ጥቅምት» ላይ ጣቱ ይቆላለፋል።

ሦስተኛው ሳምንት የአማርኛ ልዩ ሳምንት ነው። ቃላችን ከፊትም ከኋላም ይለጠፍበታል፤ በመነሻውና በመድረሻው ላይ የተለጠፈው ከሥሩ የሚረዝምበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ቃል ይዘው ያስረዝሙ፦ ቤት፣ ቤቶች፣ ቤቶቹ፣ ከቤቶቹ፣ ከቤቶቻችን፣ ስለቤቶቻችንም። ከዚያ ግስ፦ ጻፈ፣ ጽፏል፣ ጽፈዋል፣ ይጽፋሉ፣ አልጻፉም፣ እንዲጽፉልን፣ ስለጻፉልን። የሚለማመዱት ቃሉን ሳይሆን ጅራቱን ነው። «ኦቻችን»፣ «አቸው»፣ «አለሁ»፣ «ልን» በአንድ ትንፋሽ እንደ አንድ ምት መውጣት ሲጀምሩ ፍጥነቱ ሳይታሰብ ይመጣል። ይህን ሳምንት ከሚገዙት የመለማመጃ ፕሮግራሞች ጋር አልለውጠውም፤ አብዛኞቹ ለእንግሊዝኛ የተሠሩ ስለሆኑ ጅራት ምን እንደሆነ አያውቁም።

በአራተኛው ሳምንት ወደ ተረካቢዎ ይመለሱ። ማመልከቻ ሁሉ አንድ ልብስ የለበሰ ነው፤ ቀን፣ «ለ… ጽሕፈት ቤት»፣ «አዲስ አበባ»፣ «ጉዳዩ፦»፣ «ከላይ በርእሱ እንደተገለጸው»፣ «ስለሆነም»፣ «እንዲደረግልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ»፣ «ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ»፣ «ከሰላምታ ጋር»፣ «አመልካች»። እነዚህን ሐረጎች በቃልዎ ያጥኗቸው፤ ጣትዎ ከአእምሮዎ ቀድሞ እስኪሄድ ድረስ በየቀኑ አሥር አሥር ጊዜ ይምቷቸው። ከግማሽ ገጽ ማመልከቻ ብዙው እንዲህ ያለ የታወቀ ነገር ነው፤ አዲስ የሚሆነው ስሙ፣ ቦታውና ጉዳዩ ብቻ ነው። በሌላ ሙያም የሚደጋገመውን ይፈልጉ። ሹፌርነት የሚማር ሰው የከተማውን መንገድ ሁሉ አይነዳም፤ ዳገት ላይ መነሣትና አደባባይ መዞር ደጋግሞ ይገጥመዋልና እነሱን ይለምድ።

በአምስተኛው ሳምንት ሰው ያንብብልዎት። ባለጉዳይ ብዙ ጊዜ አጠገብዎ ቆሞ ነው የሚነግርዎት፤ ጆሮ ሰምቶ ጣት እስኪከተል ያለው መዘግየት ደግሞ ወረቀት አይቶ ከመገልበጥ ይለያል። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ለዚህ ይመቸኛል፤ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣ ጋዜጣ ስለሆነ የቢሮውን ቋንቋ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እኅትዎ ወይም ጓደኛዎ አንድ አንቀጽ በዝግታ ታንብብልዎ፤ ሲዘገዩ አትጠብቅዎ። የቀረውን ቃል ትተው ይቀጥሉ። ካርቶኑንም በዚህ ሳምንት አጋማሽ ያንሡት።

ስድስተኛው ሳምንት እውነተኛ ሥራ ነው። የጎረቤት የኪራይ ውል፣ የዕድር ማስታወቂያ፣ የአጎት የጡረታ ማመልከቻ፣ የተገኘውን ሁሉ ይተይቡ።

አምስተኛ፦ ስሕተትን በስሙ ይጥሩት

በየቀኑ መጨረሻ የተየቡትን አንብበው ስሕተቱን በሦስት ይመድቡ። ጣት የሳተው አንዱ ነው፤ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ይጻፉና በማግስቱ የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ ለእሱ ይስጡ። ሦስት ቁልፎች አብዛኛውን ስሕተት ሲይዙ ያያሉ፤ የእኔ ተማሪዎች ዘንድ ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግሩት ቀ ያለበት ኪዩ፣ ሸ ያለበት ኤክስና ዘ ያለበት ዜድ ናቸው። ሦስቱም የግራ እጅ ዳርቻዎች ናቸው፤ ደካማ ጣት የሚሠራበት ሰፈር ነው።

ሁለተኛው የተዋሐደ ድምፅ ነው፤ የገብርኤልን ነገር ነግሬዎታለሁ።

ሦስተኛው ሞክሼ ፊደል ነው፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። ሊቃውንቱ ስለዚህ ቢከራከሩ የሚገባቸው ነው፤ እርስዎ ግን በስድስት ሳምንት አይፈቱትም። በተራ ቃል ላይ አንዱን መርጠው ሳይለዋውጡ ይጻፉ። በሰው ስም ላይ ግን ምርጫ የለዎትም፤ መታወቂያውን ተቀብለው እንደ መታወቂያው ይጻፉ። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ሰነድ ለሚያመሳክር ሠራተኛ ግን ሁለት ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ባለጉዳዩም ማኅተም ፍለጋ ሌላ ሰልፍ ይይዛል። ይህን አንድ ልማድ የያዘ ጀማሪ ከፈጣኑ ታይፒስት በፊት ደንበኛ ያፈራል።

በልምምድ ላይ ሳሉ የማጥፊያውን ቁልፍ አይንኩ። ስሕተቱ ይታይ፤ እየመታ እየሰረዘ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚሳሳት ሳያውቅ ይኖራል። ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ ይፈቀድልዎታል።

በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት መካከል እድገቱ ይቆማል። ሁሉም ዘንድ አይቼዋለሁ፤ ለቀናት በደቂቃ አምስት ቃል ላይ ተቸንክሮ መቅረት የተለመደ ነው። ሰዓት አይጨምሩ። አንድ ቀን ሆን ብለው ከአቅምዎ በላይ ይፍጠኑ፣ ስሕተቱም ይብዛ፤ በማግስቱ በጣም ቀስ ብለው አንድም ሳይሳሳቱ ይተይቡ። እንዲህ እያፈራረቁ አራት ቀን ይሂዱ። ካልተንቀሳቀሰ ጣትዎን ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሰነፍ ጣት ሥራውን ለጎረቤቱ ሰጥቶ ተቀምጧል።

ስድስተኛ፦ የፈተናው ቀን

ፈተናውን ራስዎ ለራስዎ አይስጡ። አይተውት የማያውቁትን በእጅ የተጻፈ ማመልከቻ ሌላ ሰው ያምጣ፤ የእጅ ጽሑፉ መጥፎ ቢሆን ይመረጣል። ስልኩ ላይ 15 ደቂቃ ይሙላ። ሲያልቅ በስክሪን ሳይሆን በወረቀት አትመው፣ ጽሑፉን ለማያውቅ ሦስተኛ ሰው ይስጡ፤ የገዛ ስሕተትን ዓይን ዘሎ ያልፋል።

በአንድ ደቂቃ ወይም በሁለት ስሕተት ከወደቁ አንድ ሳምንት ብቻ ይጨምሩ፤ አምስተኛውን ሳምንት ይድገሙት። በስም ላይ ተሳስተው ከሆነ ግን ሰዓቱን ቢያልፉም እንደ ወደቁ ይቁጠሩት። ካለፉ ልምምዱን በዚያው ቀን ያቁሙ፤ ከዚህ በኋላ እጅዎን የሚያፍታታው ሥራው ራሱ ነው። «አሁን አይደለም» የሚለውን ወረቀት ከግድግዳው ላይ ይተዉት። አንድን ነገር ሦስት ባለጉዳዮች ከጠየቁዎት፣ ለምሳሌ ሠንጠረዥ፣ ከዝርዝሩ ያውጡትና ለእሱ ብቻ አንድ ሳምንት ይስጡት። የእኔ ወረቀት ላይ የግእዝ ቁጥር እስካሁን ተጽፎ አለ፤ የጠየቀኝ አንድ የሰንበቴ ጸሐፊ ብቻ ነው።